ሳይቃጠል በቅጠል

አማርኛ ለአእምሮ ሕመም አንድ ስም ሰጥቶ የተቀመጠ ቋንቋ አይደለም። ደረጃ በደረጃ የሚወርድ መሰላል ሠርቶለታል። መጀመሪያ ሰውየው «ከፋው» ይባላል። ቀጥሎ «ሐሳብ ገባው»፣ «ተከዘ»፣ «ይብሰለሰላል» ይመጣሉ። ከዚያ «እንቅልፍ አጣ»፣ «ሰው ሸሸ»፣ «ብቻውን ያወራል» ይባላል። «ነካ አደረገው» የተባለ እንደሆነ ነገሩ ከቤት ወጥቶ ጎረቤት ደርሷል ማለት ነው። ከሁሉም በታች «ለየለት» እና «ጨርቁን ጣለ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ቃል የለም፤ ገመድና ሰንሰለት እንጂ።

ይህን መሰላል ልብ ብሎ የተመለከተ አንድ ነገር ይገነዘባል። ሕዝቡ ሕመሙን ማየት የሚጀምረው ከላይኛው እርከን ነው። ዘመናዊው ሕክምና ግን በአገራችን ለረጅም ዘመን ቆሞ የጠበቀው ከመሰላሉ ግርጌ ነበር። በሽተኛውን የሚያውቀው ከለየለት በኋላ፣ እጁ ተጠፍሮ፣ በጎልማሶች ተይዞ ከግቢው በር ሲደርስ ነው። በላይኛውና በታችኛው እርከን መካከል ያሉት ቀናት፣ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ዓመታት የማን ነበሩ? በእነዚያ ቀናት በሽተኛውን ማን ያዘው? እኔ በዚህ ጽሑፍ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ለመነሻም ምዕራብ ጎጃምን፣ በተለይም በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ያለውን ገጠር መርጫለሁ።

ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር። በ1933 ዓ.ም. ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው፣ በበላያና በቡሬ በኩል አድርገው፣ ጣሊያን እየለቀቀ በሄደው መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ አልፈዋል። የዛሬው ስሟም ከዚያ ጉዞ ጋር ይያያዛል፤ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። ቡሬ በበርበሬዋና በገበያዋ የታወቀች፣ የነቀምት መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ከሁለቱ ከተሞች ወጣ ሲባል የበቆሎና የጤፍ ማሳ፣ በየማሳው መካከል ተራርቀው የተሠሩ ጎጆዎች ይታያሉ። ከፍ ሲሉ ደጋ ዳሞት አለ። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቅ አለን ሆበን በ1950ዎቹ ዓ.ም. የርስት ሥርዓትን ያጠናው እዚያ ነበር። ሆበን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንደምናነበው፣ ርስት ለጎጃም ገበሬ ዕድሜ ልክ የማያልቅ ክርክር ነበር። ሰው ከዘመዱ ጋር ይሟገታል፤ ይረታል ወይም ይረታበታል። ከተረታም ከረታው ሰው ጋር በአንድ ደብር ሲሳለም፣ በአንድ ማኅበር ሲጠጣ ይኖራል። የሚብሰለሰል ሰው በዚያ አገር አይታጣም ነበር።

ታዲያ ያ አገር ለሚብሰለሰለው ሰው ምን ነበረው? እስቲ ሦስት ልማዶችን እንመልከት። ሦስቱም በመላው የአማራ ገጠር የታወቁ ናቸው፤ የከተማ አንባቢም ቢሆን ከእናቱ ቤት ያውቃቸዋል።

አንደኛው መርዶ ነው። የሞት ወሬ ለባለቤቱ በደረሰ ሰው አፍ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይመካከራሉ። ወሬው ለጎረቤት ሁሉ ደርሶ ባለቤቱ ብቻ ሳይሰማ ሊያድር ይችላል። ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ ዘመድ ከጎኑ ይቀመጣል፤ ጉልበት ያለው ሰው በቅርብ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ነው ቃሉ የሚነገረው። በሌላ አነጋገር፣ አደጋው ከመድረሱ በፊት ረዳቱ ቦታውን ይዟል። ሐዘንተኛም ብቻውን አያድርም፤ ጎረቤት አብሮት ይሰነብታል። ሠልስቱ፣ አርባው፣ ተዝካሩ እያለ ደጁ ሰው አያጣም።

ሁለተኛው የአራስ ቤት ነው። የወለደች ሴት ክርስትና እስኪነሣ፣ ለወንድ አርባ ለሴት ሰማንያ ቀን፣ ብቻዋን አትተውም። ምክንያቱን የሚጠየቁ እናቶች ጋኔን እንዳይለክፋት ነው ይላሉ፤ በራስጌዋም ብረት ያኖራሉ። የዛሬ ሐኪም ከወሊድ በኋላ በሚመጡት ሳምንታት የእናትን አእምሮ የሚያናጋ ከባድ ሕመም ሊነሣ እንደሚችል ይናገራል። ሁለቱ ስለ ምክንያቱ አይስማሙም። ስለ ጊዜውና ስለ መፍትሔው ግን ይገናኛሉ፦ በእነዚያ ቀናት ዓይን አይነቀል፣ ሴትየዋ ብቻዋን አትሁን።

ሦስተኛው ነፍስ አባት ነው። ማኅበርና ሰንበቴ የቀረውን ሰው ይቆጥራሉ፤ «እከሌ ዛሬ የለም፣ ምን ነካው?» ይባላል። ሽማግሌ የተጣላውን ያስታርቃል። እነዚህ ሁሉ ግን አደባባይ ናቸው። ነፍስ አባት ብቻ ነው ወደ ቤት ገብቶ፣ ለብቻው ተቀምጦ፣ የሰማውን ይዞ የሚወጣው። የንስሐ ምሥጢር አይወጣምና። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እመለሳለሁ።

እነዚህ አልበቃ ሲሉ ጠበል ነበር፤ አሁንም አለ። በሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ምንጭ፣ የዓባይ ወንዝ ከሚጀምርበት፣ አቡነ ዘርዐ ብሩክን እየተማጸነ የሚጠመቀው ምእመን ብዙ ነው። ከጠበሉ ወጣ ብሎ ደግሞ ደብተራውና ባለ ዛሩ አሉ። ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አሜሪካዊ ጎንደር ላይ የዛርን ነገር አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የዛር ጉባኤ የቡድን ሕክምና ሥራ ይሠራል ብሎ ነበር። የከፋት ሴት የሚሰማት ታገኛለች፤ በየጊዜው የምትመለስበት ቤትና እንደ እርሷ የታመሙ ጓደኞች ይኖሯታል። ቤተ ክርስቲያን ዛርን ታወግዛለች፤ ሐኪሙም ዛር የለም ይላል። ይሁንና ሁለቱም ሊክዱት የማይችሉት አንድ ነገር አለ፤ ሴትየዋ ብቻዋን አልነበረችም።

እዚህ ላይ ካቆምሁ ግን አንባቢን አታልላለሁ። ያለፈውን ማሞገስ ቀላል ነው። የገጠሩ ሥርዓት ሌላ ፊት ነበረው፤ አሁንም አለው።

ጋብቻ ሲታሰብ በጎጃም ዘር ይጠየቃል። ቆማጣ አለበት ወይ? ቡዳ ነው ወይ? የሚያብድ አለበት ወይ? አንድ ልጅ «ነካ አደረገው» ከተባለ የሚጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም። እህቶቹ ባል ያጣሉ፤ ወንድሞቹ ይታማሉ። ስለዚህ እናት ትደብቃለች። ከሑመራ ወይም ከመተማ የቀን ሥራ ተለውጦ የተመለሰውን ልጅ «ወባ ነው» ትላለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ሳታውቀው ቀርታ አይደለም፤ ሌላውን ልጇን ለማዳን ነው። ከሁሉ ቀድሞ የሚያየው ጎረቤት፣ ከሁሉ አስቀድመው የሚሸሽጉትም ሰው ሆነ። መርዶና አራስ ቤት የሠሩት እኮ ሐዘንና ወሊድ ነውር ስላልሆኑ ነው። ነውር የሆነው ሕመም ያንን ሁሉ ሰው ከደጅ ይመልሳል።

ሲለይለት ደግሞ ሌላው ነገር ይመጣል። ልጁ በጎታ አጠገብ ከምሰሶ ጋር ይታሰራል። ይህን ክፋት የሚል ሰው የቤተሰቡን ሌሊት አያውቅም። ልጁ ገደል ይገባል፣ ቤት ያቃጥላል፣ ጎረቤት ይመታና ደም ያመጣል የሚል ፍርሃት ነው የሚያሳስራቸው። ሰንሰለቱ የጭካኔ ሳይሆን የብቸኝነት መሣሪያ ነው፤ ሌላ ረዳት ያጣ ቤተሰብ የሚይዘው የመጨረሻው ነገር ነው።

የአገሪቱም ሕግ ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዕብደቱ በግልጽ የታወቀ ሰው ማን እንደሆነ ሲደነግግ ሁለት መንገድ አበጅቷል። በቁጥር 341 መሠረት፣ በሆስፒታል ወይም በአእምሮ ሕሙማን ተቋም ተኝቶ የሚታከም ሰው በዚያ ቆይታው እንዲህ ይቆጠራል። ነዋሪው ከሁለት ሺህ በታች ለሆነ የገጠር ቀበሌ ግን ቁጥር 342 ሌላ ምልክት ያስቀምጣል፦ ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት የሚጠብቁትና እንደልቡ እንዳይንቀሳቀስ የከለከሉት እንደሆነ። ይህን አንቀጽ ባነበብሁ ቁጥር እገረማለሁ። ሕግ አውጪው፣ በከተማ ሆስፒታሉ የሚሠራውን በገጠር የሚሠራው ቤተሰቡ ነው ብሎ በጽሑፍ አስፍሯል። ለቤተሰቡ ግን መድኃኒትም፣ ነርስም፣ አንድ የሚያማክር ሰውም አልሰጠውም። ሥራውን እንጂ መሣሪያውን አላከፋፈለም።

መሣሪያው ያለው አዲስ አበባ ብቻ ነበር። አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመ ሲሆን፣ ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። ከመርካቶ ብዙም አይርቅም። ስሙም ስድብ ሆነ፤ «አማኑኤል የሚገባ» እየተባለ ሰው ይሰደብበታል። ከፍኖተ ሰላም እዚያ ለመድረስ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የዓባይን በረሃ መሻገር ያስፈልጋል። በአውቶቡስ የታሰረ ልጅ ይዞ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያስበው። የአጃቢዎች ስንቅ፣ የማደሪያ፣ የትራንስፖርት ወጪ አለ፤ በሬ ተሽጦ የሚሄድበት መንገድ ነው። በሬ የሚሸጥለት ደግሞ የከፋው ሰው አይደለም፤ የለየለት ነው። ርቀቱ ራሱ ሕክምናውን ከመሰላሉ ግርጌ አስቀመጠው።

ሐኪሞቹ ይህን ሳያዩ አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ያስተምር የነበረው ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ሂል ከባልደረቦቹ ጋር ወደ ትንንሽ ከተሞች ወጥቶ አጠና። በጊዮን፣ ማለትም በወሊሶ፣ በእምነት የሚፈውሱትንና በመንፈስ ተያዙ የተባሉትን ሰዎች ተመለከተ። እ.ኤ.አ. በ1987 በአማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ። ይህ በእኔ አስተያየት በአገሪቱ የአእምሮ ሕክምና ታሪክ ከሁሉ የሚበልጠው ቀን ነው። ነርሶቹ ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ሄደው ክፍል ከፈቱ፤ መድኃኒቱም ዓባይን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊው ተሻገረ። የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ነርሶቹ ከሐኪሞቹ 16 ዓመት ቀድመዋል።

የገጠሩ ቤተሰብ ችግር በቁጥር የተገለጠው ግን በጎጃም ሳይሆን በጉራጌ፣ በቡታጅራ ነው። መልክዓ ምድሩና ቋንቋው ይለይ እንጂ ኑሮው የገበሬ ኑሮ ነው። እነ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም፣ እነ ዶክተር ደረጀ ከበደና እነ ዶክተር ተሾመ ሽብሬ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ 68,378 ሰዎችን ጠየቁ። ሕሙማኑን ለማግኘት ሁለት ዘዴ ተጠቀሙ። አንደኛው የተዘጋጀ መጠይቅ ነበር፤ ሁለተኛው የመንደሩን አዋቂዎች «እንዲህ ያለ ሰው ታውቃላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ። ውጤቱ ከላይ ያልሁትን መሰላል ያስታውሳል። የመንደሩ ሰው ጠባዩ በግልጽ የተለወጠውን በደንብ ይጠቁማል። በትካዜው ውስጥ ዝም ብሎ የሚሰቃየውን ግን ይበልጥ ያገኘው መጠይቁ ነው። ጎረቤት ብዙ ያያል፤ ዝምታን ግን ሁልጊዜ አያይም።

ከዚያው ጥናት የወጣ ሌላ ቁጥር አለ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ሲከታተሉ 121ዱ ሞቱ። ሕመሙ ከዕድሜያቸው የቀማቸው ሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ነው። ከሟቾቹ ግማሽ የሚሆኑትን የገደላቸው ደግሞ ተላላፊ በሽታ ነው። እብደት ብቻውን ገዳይ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። ዕብድ የተባለ ሰው ሲያስል ሳሉን የሚሰማለት የለም። 178 የሕሙማን ቤተሰቦች በተጠየቁበት ጥናትም አብዛኞቹ መገለል እንደሚሰማቸው ተናገሩ። ከመካከላቸው 65 ከመቶዎቹ ችግሩን ለመቋቋም የመረጡት ጸሎትን ነው።

ቀጥሎ የሆነው የበለጠ ያስደስታል። ከቡታጅራ ብዙም በማይርቀው በሶዶ ወረዳ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በተጀመረ ሥራ፣ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው ከባድ የአእምሮ ሕመምን እዚያው ያክሙ ጀመር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የአካባቢው ሰዎች ሕሙማኑን እየጠቆሙ ይልካሉ። ሕክምናው ሲጀመር ከሕሙማኑ 25.3 ከመቶው ታስረው ወይም ተዘግቶባቸው ያውቁ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ቁጥሩ ወደ 10.6 ከመቶ ወረደ። ሰንሰለቱን የፈታው አዋጅ ወይም ስብከት አይደለም፤ መድኃኒቱ በእግር የሚደረስበት ቦታ መገኘቱ ነው። በዚያው ወረዳ በተከተለ ሌላ ሙከራ ደግሞ ከአካባቢው የተመለመሉ፣ ሐኪም ያልሆኑ፣ ለሳምንታት ብቻ የሠለጠኑ ሰዎች ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ቤት ለቤት ለአንድ ዓመት ጎበኙ። ሕመሙ ሲያገረሽ መጀመሪያ የሚታየው ምልክት ምንድን ነው? ያን ጊዜ ማን ይጠራል? ይህን ከቤተሰቡ ጋር አስቀድመው ተነጋገሩበት። እድሩንም አናገሩ። ሕሙማኑ በዕለት ኑሯቸው ከመድኃኒቱ ብቻ በላይ ተሻሻሉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ይኸው ነው።

ይህ መንገድ የእኛ ብቻ አይደለም። በቤልጅየም ሄል በምትባል ከተማ ቤተሰቦች ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የአእምሮ ሕሙማንን በቤታቸው ያሳድራሉ። በናይጄሪያ ዶክተር ቶማስ አዴዮዬ ላምቦ እ.ኤ.አ. በ1954 በአቤኦኩታ አጠገብ በአሮ፣ ሕሙማኑን ከአንድ ዘመዳቸው ጋር በመንደርተኞች ቤት አሳድረው አከሙ፤ የባህል ሐኪሞችንም አላራቁም። በዚምባብዌ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 የሐራሬ አሮጊቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። የከፋው ሰው መጥቶ ያወራቸዋል። ሾናዎች ለዚያ ሕመም ያላቸው ስም «ኩፉንጊሲሳ» ነው፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። የእኛ ሰው «ሐሳብ ገባው» ከሚለው ምን ይለያል? አሮጊቶቹ የተመረጡት ቀድሞም ሰው የልቡን የሚነግራቸው ስለሆኑ ነው።

እንግዲህ ወደ ጎጃም እንመለስ። በመላ አገሪቱ የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሴት ልጆች ተመደቡ። የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም በ2005 ዓ.ም. ወጣ። መንገዱ ተጠርጎ ነበር ማለት ይቻላል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን በአማራ ክልል ጦርነት ተነሣ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ ከአየር በተፈጸመ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸው ከከተማው ሆስፒታል ተነግሯል። ጦርነት መንገድ ይዘጋል፤ ስልክ ያቋርጣል። መድኃኒት በወር በወር የሚወስድ ሰው መንገዱ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ያየውን አይቶ እንቅልፍ ያጣው ሕፃንና ጎልማሳ ደግሞ በዚያ ላይ ይደመራል። የመርዶ ሥርዓት እንኳ በአንድ ሌሊት ብዙ ሰው ለሞተበት መንደር አልተሠራም፤ መርዶ ነጋሪውም ራሱ ሐዘንተኛ ነውና።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ሁሉ ስለ ሆስፒታል ግንባታ ያወራል። ሆስፒታል አይብዛ የሚል ሰው የለም። እኔ ከዚህ ታሪክ የምረዳው ግን፣ ከአደጋው በፊት የሚደርስ ረዳት ሁለት ጠባይ ሊኖረው እንደሚገባ ነው። አንደኛ፣ ቅርብ መሆን አለበት፤ የዓባይን በረሃ የሚያሻግር ረዳት የሚደርሰው ለለየለት ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ምሥጢር ጠባቂ መሆን አለበት፤ ጎረቤትና እድር ቅርብ ቢሆኑም የሚሰሙትን አደባባይ ያወጡታል ተብሎ ይፈራሉ። በቀድሞው ገጠር ሁለቱን ጠባይ አጣምሮ የያዘው ነፍስ አባት ነበር። ዛሬ በቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቅርብ ናት። እናት «ልጄ ሌሊት አይተኛም፣ ብቻውን ያወራል» ብላ የነገረቻት ቃል ወደ ገበያ እንደማይወጣ ካረጋገጠች፣ በእጇም ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስድ መንገድ ካለ፣ ነፍስ አባት ያልነበረውንም ይዛለች ማለት ነው። ነፍስ አባትና ጠበል ቤቱም ከእርሷ ጋር ቢነጋገሩ ማንም አይጎዳም። ተጠማቂው ክኒኑን ይዞ ጠበል ቢገባ የሚቀየም ቅዱስ ያለ አይመስለኝም።

ያ ሁሉ እስኪሟላ ድረስ ግን አንድ ነገር በእጃችን አለ። ቋንቋችን የሠራው መሰላል ላይኛው እርከን ላይ «ከፋው» የሚል ቃል አለው። የከፋው ሰው አልታመመም፣ አላበደም፤ ነውርም የለበትም። ስለ እርሱ መጠየቅ ዘር አያስጠይቅም፣ ጋብቻ አያፈርስም። ሐኪሙ ገና ሩቅ ሳለ፣ እናቲቱ ሳትደብቅ፣ ሰንሰለቱ ሳይፈለግ፣ በሬው ሳይሸጥ መድረስ የሚቻለው በዚያ እርከን ላይ ነው። እዚያ ደግሞ ደጁን አንኳኩቶ «ምን ሆነህ ነው?» የሚል፣ የሰማውንም ይዞ የሚወጣ አንድ ሰው ይበቃል።